ፓስፖርቷ ማዳሟ ጋ ነው

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የባሕረ ሰላጤ ከተማ ለሥራ ስኖር ፓስፖርቴን ላሳድስ ወደ ቆንስላ ሄጄ ነበር። ገና ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፤ ግቢው ግን ከበሩ ጀምሮ በሰው ጢም ብሏል። ከፊቴ የተሰለፈችው ልጅ ዕድሜዋ ከሃያ ሦስት አይበልጥም። ጥቁር አባያ ለብሳለች፤ እጇ ላይ አንድ ፌስታል እንጂ ሻንጣ የለም፤ ያጠለቀችው የቤት ውስጥ ነጠላ ጫማ ነው። ተራዋ ደርሶ ወደ መስኮቱ ስትጠጋ ውስጥ ያለው ሠራተኛ ከወረቀቱ ቀና ሳይል «ፓስፖርት» አላት።

«ማዳሜ ጋ ነው።»

«ኮፒውስ?»

«እሱም እሷው ጋ ነው።»

«እንግዲያው ኮፒውን ይዘሽ ነይ» አለና ቀጣዩን ባለጉዳይ ጠራ።

ልጅቷ ከመስኮቱ ፈቀቅ አላለችም። አልጮኸችም፣ አልተከራከረችም፣ ዝም ብላ ቆመች። በኋላ ጥላ ሥር ተቀምጠን እንደነገረችኝ ከአሠሪዎቿ ቤት ከጠፋች ሦስተኛ ቀኗ ነበር። የሰባት ወር ደመወዝ አልተከፈላትም። ሁለቱን ሌሊት ያሳለፈችው አንዲት የማታውቃት ኢትዮጵያዊት በተከራየችው ክፍል ውስጥ፣ ከሌሎች ስምንት ሴቶች ጋር መሬት ላይ ተኝታ ነው።

ያ ሠራተኛ ጉቦ አልጠየቃትም። አልሰደባትም። በመስታወቱ ላይ የተለጠፈው ዝርዝር «የፓስፖርት ኮፒ» ይላል፤ እሱም የተጻፈውን ጠየቀ። እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። ጥፋተኛ ብዬ ጣቴን የምቀስርበት ሰው ባላገኝም፣ አንዲት ዜጋ በገዛ አገሯ መሥሪያ ቤት ደጃፍ ላይ ሰሚ አጥታ ቆማለች።

ስለ መንግሥት ሠራተኛ ሥነ ምግባር ሲነሳ ወሬያችን ቶሎ ወደ ሙስና ያመራል። በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀሉትን 12ቱን የሥነ ምግባር መርሆዎች ያላየ ባለጉዳይ የለም። ቅንነት፣ ታማኝነት፣ ግልጽነት፣ ምስጢር መጠበቅ፣ ሐቀኝነት፣ ተጠያቂነት እያለ፣ የሕዝብን ጥቅም ማስቀደምንና አድልዎ አለመፈጸምን ጨምሮ አርአያ እስከ መሆን ይዘልቃል። አገር ቤት ሆነን ስናነባቸው ትዝ የሚለን እጅ መንሻና ዘመድ አዝማድ ነው። ቀበሌ ጉዳዩ ያልተፈጸመለት ሰው ነገ ይመለሳል፤ ከመረረውም ወረዳ፣ ክፍለ ከተማ፣ እንባ ጠባቂ ድረስ ይሄዳል። ባሕር ማዶ ያለችው ግን ከዚያ መስኮት ሌላ መንግሥት የላትም። ስለዚህ እዚያ ላይ «ኮፒ ይዘሽ ነይ» ማለት አገር ቤት ካለው ትርጉም ፈጽሞ የተለየ ነው።

ለምን እንደሆነ ለማየት ሠራተኛን ካስመጣት አሠሪ ጋር የሚያስረውን የከፋላ ሥርዓት አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። የሠራተኛዋ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ልጆቹ ኢቃማ የሚሉት፣ ባስመጣት ከፊል (ስፖንሰር አሠሪ) ስም የታሰረ ነው። ሳዑዲ ውስጥ አሠሪው «ጠፍታብኛለች» ብሎ ሁሩብ ካስመዘገበባት ሕገወጥ ልትሆን ትችላለች። ሹርጣ (ፖሊስ) ካገኛት ማደሪያዋ ተርሂል፣ የሚባረሩ ሰዎች ማቆያ፣ ነው። ሳዑዲ እ.ኤ.አ. በ2021 የሥራ ሕግ ማሻሻያ አድርጋ ሠራተኞች ያለ አሠሪ ፈቃድ ሥራ የሚቀይሩበትን መንገድ ስትከፍት የቤት ሠራተኞች ከማሻሻያው ውጭ ቀርተዋል። የእኛ እህቶች ደግሞ አብዛኞቹ የቤት ሠራተኞች ናቸው። በሌላ በኩል አሠሪ የሠራተኛን ፓስፖርት ይዞ ማስቀመጡ በሳዑዲም፣ በኳታርም፣ በኤምሬትስም ሕግ የተከለከለ ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፦ ቆንስላው ኮፒ አምጪ ሲላት የምትኖርበትን አገር ሕግ ወደ ጣሰው፣ ደመወዟን ወደ ከለከላትና ሁሩብ ወዳስመዘገበባት ቤት ተመልሳ እንድታንኳኳ እያዘዛት ነው።

የዜግነት ክርክራችን ግን ወዲህ አይመጣም። ባለፉት ሃያ ዓመታት ስለ ዜግነት የተናገርነውና የጻፍነው አብዛኛው ስለ ጥምር ዜግነት ነው። የዜግነት አዋጁ ቁጥር 378/1996 በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጥራል። ይህን ለማካካስ አስቀድሞ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 ትውልደ ኢትዮጵያውያን ቢጫ ካርድ የሚያገኙበት ሥርዓት ተዘርግቷል፤ ካርዱ ያለ ቪዛ መግባትን፣ ያለ ሥራ ፈቃድ መሥራትን ይፈቅዳል፣ መምረጥንና መመረጥን ግን አይጨምርም። ዋሽንግተንና ለንደን ያሉ ወገኖቻችን ይህ ገደብ ይነሳ ብለው መጠየቃቸው ተገቢ ነው። ነገር ግን ሜሪላንድ የሚኖረው ሰው ኢትዮጵያ ብትነፍገው አሜሪካ ከኋላው አለች። ፓስፖርቱ ቢጠፋ የሚያወጣለት፣ ቢታሰር የሚጠይቅለት ሌላ መንግሥት አለው።

ሪያድ ያለችው ግን ሃያ ዓመት ብትሠራም ሳዑዲያዊት አትሆንም፤ የባሕረ ሰላጤ አገሮች ለእንዲህ ያለ ሠራተኛ የዜግነት በር የላቸውም። እሷ ያላት አንድ ዜግነት ብቻ ነው። በሕግ ዓይን ካየነው ከሁላችንም ይልቅ ሙሉ ኢትዮጵያዊት እሷ ናት። የ378 አንቀጽ 17 ማንም ኢትዮጵያዊ በመንግሥት ባለሥልጣን ውሳኔ ዜግነቱን እንዳያጣ ይከለክላል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 33 ደግሞ ማንኛውም ዜጋ ከዜግነት የሚመነጩ መብቶች፣ ጥበቃና ጥቅሞች እንዳሉት ይደነግጋል። ወረቀቱ ላይ ዜግነቷን ማንም አይነጥቃትም፤ መስኮቱ ላይ ግን በኮፒ ምክንያት ሊንጠባጠብባት ይችላል። ልጅ የወለደች ከሆነ ደግሞ ነገሩ ወደ ሁለተኛ ትውልድ ይሻገራል። ከአባቱ ወይም ከእናቱ አንዳቸው ኢትዮጵያዊ የሆነ ልጅ ኢትዮጵያዊ ነው፤ የወሳኝ ኩነት አዋጁ ቁጥር 760/2004ም ውጭ አገር ያሉ ኢትዮጵያውያን ልደት በኤምባሲና በቆንስላ እንዲመዘገብ ይላል። ወረቀት የሌላት እናት ልጇን ለማስመዝገብ ስትሄድ ምን ተብላ እንደምትጠየቅ መገመት አያዳግትም።

ወደ ውጭ ፖሊሲው ልምጣ። ኅዳር 1995 ዓ.ም. የወጣው የውጭ ጉዳይና የብሔራዊ ደኅንነት ፖሊሲና ስትራቴጂ ነገሩን ከውስጥ ወደ ውጭ ያየ ሰነድ ነበር። ዋናው ጠላት ድህነት ነው፣ የዲፕሎማሲውም ሥራ ገበያ፣ ኢንቨስትመንትና ብድር ማፈላለግ ነው የሚል መንፈስ አለው። አምባሳደር የሚመዘነው ባመጣው ባለሀብት ነበር። በዚያ ሚዛን ላይ የቤት ሠራተኛዋ የምትታየው ሐዋላ እስከ ላከች ድረስ ነው፤ ስትቸገር ግን ለኤምባሲው የበጀት ጫና ትሆናለች። ይህን ስል የሰነዱን ዘመን ሁሉ ለማጣጣል አይደለም፤ የድህነትን ነገር ማስቀደሙ ትክክል ነበር። ግን በቆንስላ መስኮት ውስጥ የተቀመጠው ሰው ሥራው ምን እንደሆነ አልነገረውም።

ያ ክፍተት ደግሞ በአደባባይ ታየ። የካቲት 2004 ዓ.ም. ቤሩት ውስጥ አንዲት ኢትዮጵያዊት ከቆንስላችን ደጃፍ ላይ እየተጎተተች በግድ መኪና ውስጥ ስትከተት የሚያሳይ ቪዲዮ በሊባኖስ ቴሌቪዥን ተላለፈ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሆስፒታል ውስጥ ሕይወቷ አለፈ። በጥቅምት 2006 መጨረሻ ሳዑዲ የምሕረት ጊዜዋ አልቆ አፈሳ ስትጀምር፣ በሪያዱ መንፉሃ ሰፈር በኢትዮጵያውያን ላይ የደረሰውን የዚያን ጊዜ ስልክ የነበረው ሁሉ አይቶታል። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ሰዎች ቦሌ አረፉ። ብዙዎቹ ባዶ እግራቸውን ነበሩ። አዲስ አበባ ላይ በሳዑዲ ኤምባሲ አካባቢ ለመቃወም የወጡ ወጣቶች ግን በፖሊስ ተበተኑ፣ ታሰሩም። ዜጋው ለዜጋው እንዳያለቅስ የተከለከለበት ያ ቀን፣ በእኔ እምነት፣ የዚያ ዘመን የውጭ ፖሊሲ ትልቁ ውድቀት ነው። መንግሥት ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ጥቅምት 2006 ላይ ወደ ባሕረ ሰላጤው የሚደረገውን የሥራ ጉዞ አግዶ ነበር፤ እገዳው የተነሳው ጥር 2010 ነው። በመሐል በነበሩት ዓመታት ጉዞው አልቆመም፤ በቦሌ ሲሄድ የነበረው በጅቡቲዋ ኦቦክ፣ በጀልባ፣ በየመን በረሃ ሄደ።

2010 ላይ አዲስ ቃል መጣ፦ ዜጋ ተኮር ዲፕሎማሲ። ግንቦት ላይ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሳዑዲ ሄደው 1,000 ያህል ኢትዮጵያውያን እስረኞች እንዲፈቱ ተስማሙ፤ በቀጣዩ ወር ከካይሮ ሲመለሱ 32 እስረኞች አብረዋቸው መጡ። እውነቱን ለመናገር በዚያ ሰሞን ደስታዬን የምይዝበት አጥቼ ነበር። አንድ መሪ ከጉብኝት ሲመለስ የብድር ስምምነት ሳይሆን ሰው ይዞ መምጣቱ በእኛ ታሪክ ያልተለመደ ነገር ነው። በኋላም መጋቢት 2014 ላይ 100,000 ሰዎችን ከሳዑዲ የመመለስ ሥራ ተጀመረ፤ በ2016 ደግሞ ሌሎች 70,000 እንደሚመለሱ ተገለጸ። ይህ ትልቅ ሥራ ነው፣ የሠሩትም ሰዎች ሊመሰገኑ ይገባል።

ነገር ግን በዚያው ጊዜ አገራት እርስ በርሳቸው የቆሙበት ቦታ መቀያየር ጀምሮ ነበር። ሰኔ 2010 አቡዳቢ 3 ቢሊዮን ዶላር ለመስጠትና ለማፍሰስ ቃል ገባች። መስከረም 6 ቀን 2011 የኢትዮጵያና የኤርትራ የሰላም ስምምነት የተፈረመው ጅዳ ላይ፣ በሳዑዲው ንጉሥ ፊት ነው። የባሕረ ሰላጤው ኃያላን በቀይ ባሕርና በአፍሪካ ቀንድ ዋና ተዋናይ ሆኑ። የሕዳሴው ግድብ፣ የሱዳን ጦርነት፣ የወደብ ጉዳይ፣ የውጭ ምንዛሪው እጥረት፣ ሁሉም በሆነ መንገድ ሪያድንና አቡዳቢን ይነካሉ። ጅዳ አጠገብ ስደተኞች የሚታሰሩበት የሹሜሲ ማቆያ አለ፤ ጅዳ ውስጥ ደግሞ የሰላም ፊርማ የተፈረመበት አዳራሽ አለ። ባለሥልጣኑ ስልኩን ሲያነሳ የትኛውን ጉዳይ ቀድሞ ያነሳል? ጥያቄው ይህ ነው።

መልሱ ነሐሴ 2015 ላይ ታየ። ነሐሴ 15 ቀን ሂውማን ራይትስ ዎች ባወጣው ሪፖርት የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች ከየመን ሊሻገሩ የሞከሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን በጥይትና በከባድ መሣሪያ ገድለዋል አለ። ሳዑዲ ውንጀላውን መሠረተ ቢስ ብላ አስተባበለች። የኢትዮጵያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በማግስቱ ጉዳዩን ከሳዑዲ ባለሥልጣናት ጋር ሆኖ በአፋጣኝ እንደሚያጣራ ገለጸ፤ ማጣራቱ እስኪያልቅም ሰው አላስፈላጊ ግምት ከመስጠት እንዲቆጠብ አሳሰበ፤ የሁለቱን አገራት የቆየ ወዳጅነትም አነሳ። ነሐሴ 18 ቀን ጆሃንስበርግ ላይ የታዳጊ ኢኮኖሚዎች ስብስብ የሆነው ብሪክስ አዳዲስ አባላትን ሲጋብዝ ኢትዮጵያም ሳዑዲም በአንድ ዝርዝር ላይ ነበሩ። ኢትዮጵያ ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 በይፋ አባል ሆነች። ሪፖርቱም መግለጫውም ግብዣውም በአራት ቀን ውስጥ የሆኑ ናቸው።

ማንም ኤምባሲ ይዘጋ፣ ግንኙነት ይቋረጥ አላለም። ብሪክስ መግባትም አገርን ይጠቅማል። የሚያመው የመግለጫው አድራሻ ነው። «ግምት ከመስጠት ተቆጠቡ» የሚለው ለራያ፣ ለወሎ፣ ለትግራይ፣ ለሐረርጌ እናቶች የተነገረ ቃል ነው፤ ልጇ የወጣበት ቀን እንጂ የገባበት ያልታወቀ እናት ደግሞ ከግምት በቀር ምን በእጇ አለ? ዜጋ ተኮር ከተባለ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ሐዘን፣ ሁለተኛው ደግሞ «ልጃችሁ የጠፋባችሁ በዚህ ስልክ አስመዝግቡ» መሆን ነበረበት። የዲፕሎማሲ ጥንቃቄ ለውጭው ነው፤ ለውስጡ ሰው የሚገባው መረጃ ነው። ሁለቱን በአንድ ወረቀት ላይ መጻፍ ይቻል ነበር።

«ጠንከር ካልን ወዳጅነቱ ይበላሻል» የሚል ሰው አይጠፋም፣ ስጋቱም ከንቱ አይደለም። የሌሎችን ልምድ ስናይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሜክሲኮ ከአሜሪካ የቀረበ የንግድ ሸሪክ የላትም። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ እስር ቤቶች ሞት የተፈረደባቸው ከ50 በላይ ዜጎቿ ቆንስላቸውን የማነጋገር መብታቸው በወቅቱ አልተነገራቸውም ብላ ዘሄግ በሚገኘው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ከሰሰች፤ በቀጣዩ ዓመትም ፍርድ ቤቱ በአብዛኛው ለሜክሲኮ ፈረደ። ክሷን የመሠረተችው እ.ኤ.አ. በ1963ቱ የቪየና የቆንስላ ግንኙነት ስምምነት ላይ ነው። ንግዱም አልቆመም፣ ጉርብትናውም አልፈረሰም።

ይበልጥ የሚመስለን ግን የፊሊፒንስ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ሲንጋፖር በግድያ የተፈረደባትን አንዲት ፊሊፒናዊት የቤት ሠራተኛ በስቅላት ቀጣች። ማኒላ በሐዘንና በቁጣ ተሞላች፤ ኤምባሲው ለልጅቷ በቂ ሥራ አልሠራም ተባለ፤ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሥልጣናቸውን ለቀቁ። በዚያው ዓመት የስደተኛ ሠራተኞች ሕግ ወጣ፤ ውጭ ያሉ ዜጎችን መጠበቅም ከብሔራዊ ደኅንነትና ከኢኮኖሚ ጋር የውጭ ፖሊሲው ሦስተኛ ምሰሶ ሆኖ ቆመ። እኔን የሚገርመኝ የሕጉ ዝርዝር ነው። 20,000 ሠራተኛ ባለበት አገር ሁሉ በኤምባሲው ሥር የሠራተኞች ማዕከል ይኖራል፣ ማዕከሉም ቅዳሜና እሑድን፣ በዓላትን ጨምሮ 24 ሰዓት ክፍት ይሆናል ይላል። የቤት ሠራተኛ ከቤት የምታመልጠው ቤተሰቡ ሲተኛ ነው እንጂ በሥራ ሰዓት አይደለም። ሕጉን የጻፈው ሰው ይህን ያውቅ ነበር። ከዚህ ሌላ፣ መንግሥት የውጭ አገር ሥራን የኢኮኖሚ ዕድገት ማስቀጠያ አድርጎ እንደማያራምድ በሕጉ ላይ ሰፍሯል። እርግጥ የገንዘቡ ነገር ፊሊፒንስንም ፈትኗታል። እ.ኤ.አ. በ2018 ኩዌት ውስጥ የአንዲት ፊሊፒናዊት አስከሬን ማቀዝቀዣ ውስጥ ሲገኝ መንግሥት ሠራተኛ መላክ አቆመ። የኤምባሲው ሰዎች ሴቶችን ከየቤቱ ሲያስወጡ የሚያሳይ ቪዲዮ ወጥቶ ኩዌት አምባሳደሩን አባረረች። ግን በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ አሠሪ ፓስፖርት መያዝ እንደማይችል የሚገልጽ ስምምነት ተፈረመ። አምባሳደር ከመባረር የከፋ ነገር አለ ብለው ያመኑ ይመስለኛል።

እኛ በተቃራኒው አዘንብለናል። በ2015 ዓ.ም. መገናኛ ብዙኃን እንደዘገቡት ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 40 የሆኑ እስከ 500,000 የሚደርሱ ሴቶችን ወደ ሳዑዲ ለመላክ የምልመላ ማስታወቂያ በየክልሉ ተለጥፏል። በሕጋዊ መንገድ መሄድ በበረሃ ከመሞት እጅግ ይሻላል፣ ይህን የምክድ አይደለሁም። አዋጅ ቁጥር 923/2008 የሁለትዮሽ ስምምነት፣ የኤጀንሲ ዋስትና፣ ኢንሹራንስ፣ የሠራተኛ አታሼ (በኤምባሲ የሠራተኞችን ጉዳይ የሚከታተል ተወካይ) እያለ ብዙ መልካም ነገር ደንግጓል። ችግሩ መልማዩም፣ ሥልጠና ሰጪውም፣ የውጭ ምንዛሪውን የሚጠብቀውም፣ ሲከፋት የሚጠብቃትም አንድ መንግሥት መሆኑ ነው። ስንት ሰው እንደተላከ በዘመቻ የሚቆጠርበት ሥራ ላይ ስንት ሰው እንደተበደለ የሚቆጥረው ማን ነው? ሰኔ 28 ቀን 2013 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለፓርላማ ወጪ ለመቆጠብ ቢያንስ 30 ኤምባሲዎችና ቆንስላዎች ቢዘጉ ይሻላል ማለታቸው ይታወሳል። ቁጠባው ምክንያት አለው፤ ግን ኤምባሲ ሲመዘን ሚዛኑ ላይ መጀመሪያ መቀመጥ ያለበት በዚያ አገር ያለው የዜጋ ብዛት ነው።

አሁን ወደ መስኮቱ ልመለስ፤ ምክንያቱም የሥነ ምግባሩ ነገር በረቀቀ መልኩ የሚታየው እዚያ ነው። ሦስት ነገር ላንሳ።

አንደኛው ሽምግልና ነው። እኛ የተጣላን ማስታረቅ ደማችን ውስጥ ያለ ሕዝብ ነን። ከአሠሪዋ የጠፋች ልጅ ስትመጣ ከማዳሟ ጋር በስልክ ተነጋግሮ «በቃ ይቅር ተባባሉ፣ ሁለት ዓመቱን ጨርሺና ትሄጃለሽ» ማለት ለሠራተኛው የቅንነት ሥራ ሊመስለው ይችላል። ሽምግልና ግን እኩል አቅም ባላቸው መካከል፣ ሁለቱም ወገን ዋስ ጠርቶ የሚፈጸም ነው። እዚህ ግን አንደኛዋ ፓስፖርት፣ ኢቃማ፣ ደመወዝና ፖሊስ በእጇ ናቸው፤ ሌላኛዋ ፌስታል ነው የያዘችው። ያለ ዋስ የተደረገ እርቅ ደግሞ አሳልፎ መስጠት ነው። ቆንስሉ የሁለት ወገን ሽማግሌ ሳይሆን የአንድ ወገን ጠበቃ ነው፤ የደሞዙም ምክንያት ይኸው ነው።

ሁለተኛው ምስጢር መጠበቅ ነው። አገር ቤት ይህ መርሕ የመንግሥትን ሰነድ አለማውጣት ተደርጎ ይነበባል። እዚያ ግን ልጅቷ የት እንዳደረች፣ ማን እንዳስጠጋት፣ የማን ስልክ እንደያዘች ለከፊሉ ወይም ለደላላ አለመንገር ማለት ነው። በግቢው በር ላይ ቅጽ እየሞሉ ገንዘብ የሚቀበሉ ጉዳይ አስፈጻሚዎች ባሉበት ቦታ፣ ጮክ ብሎ የተጠራ ስም ራሱ አደጋ አለው።

ሦስተኛው አድልዎ አለመፈጸም ነው፤ ይህን ሳልል ባልፍ ሕሊናዬ አይፈቅድም። በሰሜኑ ጦርነት ወቅት ከሳዑዲ የተመለሱ የትግራይ ተወላጆች አገራቸው ሲገቡ ተለይተው መታሰራቸውን ሂውማን ራይትስ ዎች ታኅሣሥ 2014 ላይ ዘግቧል። ከሹሜሲ ወጥቶ በገዛ አገሩ ሌላ ማቆያ የገባ ሰው ዜግነት ለሱ ምን እንደሆነ እንዴት ይመልስልናል? ዜጋ ተኮር የሚለው ቃል ዜጋን ከዜጋ ከለየ መሠረቱ ይናዳል።

ግዙፍ በጀት ሳያስፈልግ ነገ የሚደረጉ ነገሮች አሉ። ፓስፖርት የሰጠው መንግሥት ራሱ ነው፤ የጣት አሻራዋም ፎቶዋም አዲስ አበባ ባለው መዝገብ ውስጥ አለ። ማንነትን ማረጋገጥ የመሥሪያ ቤቱ ሥራ ነው፤ የኮፒ ሸክም ከልጅቷ ትከሻ ላይ ይውረድ። ጠፍታ ለመጣች ሴት የተለየ ወረፋና የተለየ ክፍል ይኑር፣ የምታነጋግራትም ሴት ትሁን። ዓርብና ቅዳሜ ማታ የሚነሳ አንድ ስልክ ይኑር። የሠራተኛ አታሼው ስንት ውል እንዳጸደቀ ሳይሆን ስንት ያልተከፈለ ደመወዝ እንዳስከፈለ በየዓመቱ ለፓርላማ ሪፖርት ይደረግ፤ የታሰሩት ስንት እንደተጎበኙም እንዲሁ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ በሆነ መንገድ መከናወን አለበት ይላል፤ ድንጋጌው ቦሌ ላይ አያበቃም። እንዲህ ያለ ሪፖርት ካለ የሪያድም የአቡዳቢም ወዳጅነት ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ የልጅቷ ጉዳይ አብሮ አይሞቅም፣ አይቀዘቅዝም። አምባሳደሩም በስብሰባ ላይ ጉዳዩን ሲያነሳ «እኔ ሳልሆን ሕጉ ነው የሚጠይቀኝ» ማለት ይችላል። በዲፕሎማሲ ውስጥ ይህ ትልቅ መሸሸጊያ ነው።

ያን ቀን ልጅቷ ከመስኮቱ አልንቀሳቀስ ስትል ከኋላ ያለው ሰው ማጉረምረም ጀመረ። ያኔ ከውስጠኛው ክፍል አንድ በዕድሜ ገፋ ያሉ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሰቀሉ ሠራተኛ ወጡ። ምን እንደሆነ ጠየቁ። ከዚያ የጎን በሩን ራሳቸው ከፍተው «ነይ ልጄ፣ ግቢ» አሏት። ውኃ ሰጧት። ኮፒ አልጠየቋትም፤ የጠየቋት ከየት እንደሆነች፣ ፓስፖርቱን መቼ እንዳወጣች፣ የአባቷንና የእናቷን ስም፣ የቀበሌዋን ሊቀመንበር ስም ነው። አዲስ አበባ ደወሉ። ጠበቁ። እንደገና ደወሉ።

የኔ ጉዳይ ያለቀው ከቀትር በኋላ ነው። ልወጣ ስል ጥላው ሥር አገኘኋትና አጠገቧ ተቀመጥኩ። ከሰዓታት በኋላ ስሟ ሲጠራ አብሬያት ተነሳሁ። ሊሴ ፓሴው፣ በፓስፖርት ፈንታ የሚሰጠው የጉዞ ሰነድ፣ ተሠርቷል፤ ፎቶዋ ተለጥፎበታል፣ ማኅተሙ ገና አልደረቀም። ወረቀቱን ይዛ ረጅም ጊዜ አየችው። ስትሄድ ደላላው ለፓስፖርቱ ስሟን ቀይሮ፣ ዕድሜዋንም ስድስት ዓመት ጨምሮበት ነበር። በዚያ ቤት ለሦስት ዓመት ስትጠራ የኖረችው በዚያ ስም ነው። ሰውየው ግን እናቷ ያወጣችላትን ጠይቀው፣ አጣርተው፣ ያንን ጽፈውላታል።

«የፓስፖርቱ ሳይሆን የኔ ነው የተጻፈው፤ ችግር የለውም ወይ አባባ?» አለቻቸው።

«አንቺን እኮ ነው የምንልከው» አሏትና ቀጣዩን ጠሩ።